ዘበኛዋ እሳት

ሮቢት ላይ ውሃ የሚያሞቅ ሰው አለ ቢባል ማን ያምናል? ፀሐይ አናት ላይ ስትቆም ወንዙ ራሱ ለብ ይላል፤ ሰው የሚመኘው በእንስራ አድሮ የቀዘቀዘ ውሃ ነው። ጣልያን በገባ በአራተኛው ዓመት ግን፣ ከመኪናው መንገድ ከፍ ብሎ በተሠራው ካምፕ ውስጥ፣ ሥራው ውሃ ማሞቅ የሆነ አንድ ሰው ነበር። ሷሊሕ ይባላል።

ውሃው የሚሞቀው ለካፒቴኑ ነው። ካፒቴኑ የመንገዱ ጥበቃ አዛዥ ሲሆን ቆላው ወባ አስታቅፎታል። ጠዋት ደኅና ሆኖ ይወጣል፤ ከሰዓት በኋላ ከደብረ ሲና ወይም ከጣርማ በር ሲመለስ ያንቀጠቅጠዋል። ያን ጊዜ ባኞ በሚሉት ገንዳ ውስጥ፣ ሲጋራውን አፉ ላይ እንዳደረገ፣ በሙቅ ውሃ እስከ አንገቱ ካልተዘፈዘፈ ሰው አይሆንም። ይኸው ሰው ነው በማጀቴ በኩል ያሉትን መንደሮች አርበኛ አስጠግታችኋል ብሎ የማሽላ ክምሩን ከነአውድማው ያነደደው። ከነደዱት ክምሮች አንዱ የሷሊሕ እናት ክምር ነበር። ሷሊሕ ይህን ያውቃል። ያውቃል፣ ውሃም ያሞቅለታል።

ወዶ አልመጣም። የጣርማ በርን ዋሻ የሚቆፍር ሰው ሲያንስ ከማጀቴ ገበያ ከታፈሱት ጎልማሶች አንዱ ነበር። ዋሻው ውስጥ ድንጋይ ተንዶ የግራ እጁን ሁለት ጣቶች ጨፈለቀበት። አብረውት የታፈሱት አንድ በአንድ እየጠፉ አገራቸው ሲገቡ እሱ ቀረ። እርፍ በማይጨብጥ እጅ ቤት ገብቼ የማን ሸክም ልሁን ብሎ ነበር የቀረው፤ ይህን ግን ለማንም አልተናገረም። ቢናገርም የሚሰማው አልነበረም። ታፍሶ የሄደ ሰው ይታዘንለታል። የቀረ ሰው ስሙ ባንዳ ነው።

ባንዳ ብሎ ፊት ለፊት የጠራው ሰው የለም። ቢጠራው ይሻለው ነበር። ጁምዓ ጁምዓ ከካምፑ ፈቃድ ጠይቆ ሮቢት መስጊድ ይወርዳል። ለሶላት ሲቆሙ ሶፉ፣ የሰጋጁ ሰልፍ፣ ትከሻ ለትከሻ መገጠም እንዳለበት ሕፃን ልጅ እንኳ ያውቃል። በሷሊሕ ቀኝና ግራ ግን ሁልጊዜ የአንድ የአንድ ሰው ቦታ ክፍት ይቀራል። እሱ ጠጋ ሲል ጎረቤቱ ቀስ ብሎ ይርቃል። ኢማሙ ወደ ኋላ ዞሮ "ክፍቱን ግጠሙ" ሲል ሁሉም ይሰማል፤ የሚገጥም የለም። ሷሊሕ በኋላ በኋላ ጠጋ ማለቱን ተወው። ግንቡ ሥር ብቻውን ይቆምና ሰላምታው እንዳበቃ ጫማውን በእጁ ይዞ ይወጣል።

ካምፑ ውስጥ የሚያናግሩት የካፒቴኑ ወጥ ቤት እትዬ ቆንጅት ብቻ ነበሩ። የደብረ ሲና ሰው ናቸው፤ ባላቸው የሞተባቸው፣ አፋቸው የማያርፍ፣ ቆላው ሲያልባቸው ጣልያንንም ፀሐይንም እኩል የሚራገሙ ሴት። ሷሊሕ ጠዋት ወጥ ቤቱ በር ላይ ሲቆም ገና ሳያዩት ይጀምሩታል።

"ና፣ ና ግባ። ዛሬስ አንድ ቃል ይወጣሃል ወይስ ለዒድ አስቀምጠኸዋል?"

"እንዴት አደሩ።"

"ኧረ እልል በሉ! ሁለት ወጣው! በል ቂጣውን ውሰድ፤ ሦስተኛው እስኪወጣ ይበርዳል።"

ሷሊሕ አንገቱን ደፍቶ ይስቃል። ቂጣውን ይዞ እንጨት ቁልሉ ላይ ተቀምጦ ይበላል። ያ ጊዜ በርሜል ውሃ በግራር እንጨት የሚያሞቅበት ጊዜ ነበር።

አንድ ቀን ከምጽዋ የመጣ ካሚዮን በጭድ የተጠቀለለ ነጭ የብረት ሣጥንና ቦምቦላ የሚሏት ወፍራም የብረት ጠርሙስ አወረደ። አብሮ የወረደው ክንፈ የሚባል የሐማሴን ሰው ነው፤ መካኒክ ነው፤ ፒንሳውን እንደ ሽጉጥ ወገቡ ላይ ሽጧል። ሣጥኑን መታጠቢያ ቤቱ ግድግዳ ላይ፣ ቦምቦላዋን ከግድግዳው ውጭ አቆመና በቀጭን የመዳብ ቧንቧ አገናኛቸው። ከዚያ ሷሊሕን ጠራው።

"እንጨት አንዳጁ አንተ ነህ? በቃ፣ ተፈትተሃል። ከዛሬ ጀምሮ በጋዝ ነው።"

ሷሊሕ ጋዝ ሲባል የሚያውቀው ፋኖስ ውስጥ የሚጨመረውን ነው። ክንፈ ይህን ከፊቱ አንብቦ ሳቀ።

"ይኸኛው አይፈስም፣ አይታይም። እንደ ትንፋሽ ነው። ቅረብ፣ አይነክስህም። ይቺን ትንሽ እሳት ታያታለህ? ዘበኛ ናት። ቀንም ሌሊትም አትተኛም። የሙቅ ውሃውን ቧንቧ ስትከፍት የውሃው ግፊት ለትልቁ እሳት በር ይከፍታል፤ እሷ ታቀጣጥለዋለች። ውሃው ሲዘጋ ትልቁ እሳት ይጠፋል። ባዶ ብረት አይነድም፣ ጋዝም አይባክንም።"

"እሷ ራሷ ብትጠፋስ?"

"አሃ! ትናገራለህ እንዴ? ዲዳ መስለኸኝ ነበር።" ክንፈ በፒንሳው ጫፍ ከትንሿ እሳት በላይ ያለች የነሐስ ምላስ አሳየው። "ለዚህ ነው ይቺ የተቀመጠችው። ሁለት ዓይነት ብረት ተጣብቆ የተሠራች ናት። ሲሞቃት ትጎብጣለች፤ ሲበርዳት ትቃናለች። ዘበኛዋ እስከነደደች ድረስ ምላሷ እንደጎበጠች የጋዙን በር ከፍታ ትይዛለች። ዘበኛዋ ከጠፋች ምላሷ ትበርድና ትቃናለች፤ በሩ ጠቅ ብሎ ይዘጋል። ማንም አይሞትም።"

"ባይዘጋስ?"

"ባይዘጋማ ጋዙ ይፈሳል። ከአየር ስለሚከብድ ወለሉ ላይ ይተኛል። ያን ጊዜ እሳት ይዞ የገባ ሰው . . ." ክንፈ መዳፉን ከፈተና እፍ አለበት። ከዚያ ከሥር ያለውን መዘውር ነካ አደረገ። "ይኸኛው ለቁጠባ ነው። በትንሹ ምልክት ላይ ይዋል። ካፒቴኑ ካልበረደው በቀር ወደ ትልቁ አታዙረው። ቦምቦላዋ ባሕር ተሻግራ ነው የመጣችው፤ ያለ ጊዜዋ ካለቀች ጆሮህን ነው የሚቆርጥህ።"

ከዚያ ወዲህ የሷሊሕ ሥራ ጣሪያው ላይ ያለውን በርሜል ከወንዝ በተቀዳ ውሃ መሙላትና ዘበኛዋን መጠበቅ ሆነ። ጠዋት ሲገባ መጀመሪያ የሚያያት እሷን ነው። ሰማያዊ ናት፤ ከጥፍር አትበልጥም። ሣጥኑ ላይ ባለችው ትንሽ መስተዋት ብርሃኗ፣ መስኮቱ ቢዘጋም በመስኮቱ መስተዋት በኩል፣ ከደጅ ይታያል። ማታ ከመውጣቱ በፊት ደግሞ አንድ ጊዜ ጎንበስ ብሎ ያያታል። እንዲህ ሲያያት እትዬ ቆንጅት ደርሰውበት፣

"ወሬ ይዛችኋል? ልሂድላችሁ?" ብለውት ያውቃሉ።

ከሰዓት በኋላ የሚነሳው የቆላ ነፋስ በመስኮቱ ገብቶ አንዳንድ ቀን ያጠፋታል። ምላሷ በሩን ትዘጋለች፤ ካፒቴኑ ይመጣል፤ ውሃው አልሞቀም፤ ጩኸት ነው። ስለዚህ ሷሊሕ ነፋሱ ከመነሳቱ በፊት መስኮቱን ገርበብ ማድረግ ለመደ። አንድ ጊዜ እሱንም ወባ ጥሎት ሲሰነብት እትዬ ቆንጅት ተክተውት ነበር። ክብሪት ይውሰዱ ቢሏቸው እሺ አላሉም። "ምድጃዬ ላይ እሳት ሞልቶ ክብሪት ልጭር?" ብለው፣ ጎረቤት እሳት እንደሚቀበል ሰው በገል ፍም ይዘው ይመጡና በስንጥር ይለኩሷት ነበር።

እንግዲህ ሰው ብቸኝነት ሲበዛበት ያልጠየቁትን ያወራል። አንድ የገበያ ቀን ሷሊሕ አሞሌ ሊገዛ ነጅሙዲን ከሚባለው ጨው ነጋዴ ዘንድ ቆመ። ነጅሙዲን በማጀቴና በሮቢት መካከል የሚመላለስ የአገሩ ሰው ነው። እንደ ሌላው ጊዜ ጨውን አቀብሎት ፊቱን ያዞራል ሲባል፣

"ውሃ የሚያፈላ ሣጥን አላችሁ አሉ። እውነት ነው?" አለው።

ሷሊሕ ጆሮውን አላመነም። ከዚያ አፉ ተከፈተ። ስለ ዘበኛዋ ነገረው፣ ስለ ምላሷ ነገረው፣ በሩ እንዴት ጠቅ እንደሚል በጣቱ አሳየው። ካፒቴኑ ሲጋራ ይዞ እንደሚዘፈዘፍ ሳይቀር አወራለት። ነጅሙዲን እየሳቀ "ወይ ጉድ! ወይ ጉድ!" አለ። ሷሊሕ ወደ ካምፑ ሲመለስ እግሩ መሬት አልነካ አለው። ያገሩ ሰው አናግሮታል፤ ከሳቅ ጋር።

ብዙ አልቆየም። አንድ ማለዳ ሮቢ የሚባለው ወንዝ ወርዶ ባልዲውን ሲነክር ከኩርኩራው ቁጥቋጦ ውስጥ ሰው ጠራው።

"ሷሊሕ። ቀና አትበል። ውሃህን ቅዳ።"

ድምፁን አወቀው። ታላቅ ወንድሙ አደም ነው። ጣልያን ክምሩን ካቃጠለ ወዲህ ጫካ ገብቷል።

"ወንድም ጋሼ . . . አሰላሙ ዐለይኩም።"

"ወዐለይኩሙ ሰላም።" ሰላምታውን መመለሱ አደምን ራሱንም የገረመው ይመስላል። "ነጅሙዲን ስለዚያ ሣጥን ነገረኝ። ምላስ አለው ያልከው እውነት ነው?"

"እውነት ነው።"

"ምላሱን ብታስረውስ?"

ሷሊሕ ባልዲውን ውሃው ውስጥ እንደያዘ ቀረ። ነገሩ ወዲያው ገብቶታል።

"በሩ አይዘጋም" አለ።

"ትንሿ እሳት ብትጠፋስ?"

"ጋዙ ይፈሳል።"

"ያ ውሻ ደግሞ ሲጋራ ይዞ ይገባል።"

"ይገባል።"

"ሌላ ሰው ይገባል?"

"ማንም አይገባም።"

"በል ስማኝ።" የአደም ድምፅ ለስለስ አለ። "ይህን አድርግና ውሃ ልቀዳ ብለህ ውጣ። እዚህ በቅሎ ይዤ እጠብቅሃለሁ። ወላሂ ቤትህ አስገባሃለሁ። ሰው ፊት ይዤህ ቆሜ፣ ወንድሜ ነው፣ ካምፕ የተቀመጠው ለዚች ቀን ነበር እላለሁ። ማነው ምን የሚልህ? ማንም ምንም አይልህም።"

ሷሊሕ የሞላውን ባልዲ ከውሃው አወጣ።

"እማዬ እንዴት ናት?"

"አለች። ዓይኗ ጨርሶ ሄዷል።"

"ጣቴን . . . እርሻ እንኳ አልችልም እኮ።"

"እኔ አርሳለሁ፤ አንተ ወፍ ትጠብቃለህ። ማሽላ የሚጠብቅ ሰው ጠፍቷችሁ ነው ወይ ትል እንደሆነ፣ አዎ፣ ጠፍቶን ነው።" አደም ይህን ብሎ እንደ ድሮው በአፍንጫው ሳቀ። "እንግዲህ ነገ።"

ሷሊሕ ሌሊቱን አልተኛም። የሚያስበው ስለ ካፒቴኑ አልነበረም። የማሽላ ማማ ላይ ቆሞ ወንጭፍ ሲያጮህ፣ የሚያልፍ ሰው ቀና ብሎ "ሷሊሕ! እንዴት ዋልክ!" ሲለው ነበር የሚታየው። ቤት መግባት። ሌላ ምንም አልፈለገም።

በማግስቱ ካፒቴኑ ጠዋት ወደ ደብረ ሲና ወጣ። ከሰዓት በኋላ፣ መመለሻው ሲቃረብ፣ ሷሊሕ መታጠቢያ ቤት ገባ። ዘበኛዋ እየነደደች ነው። ምላሷ ሞቃ ጎብጣለች። ሁለት ጊዜ የታጠፈች ሽቦ ከኪሱ አወጣና ከምላሷ ሥር ሸጎጣት። ከዚያ ጎንበስ አለ። ስንት ከሰዓት በኋላ በመዳፉ ከነፋስ የከለላትን እሳት እፍ አላት። ጠፋች። ምላሷ ስትበርድ ልትቃና ሞከረች፤ ሽቦው ያዛት። ጠቅ የሚለው ድምፅ አልተሰማም። የሙቅ ውሃውን ቧንቧ ከፈተ፤ ወደ ባኞው ቀዝቃዛ ውሃ ወረደ፤ ሣጥኑ ውስጥ ደግሞ እንደ እባብ ሽው የሚል ነገር ጀመረ። መስኮቱን ዘጋ። በሩን ዘጋ። ባልዲ አነሳና በሩ ላይ ዘብ ለቆመው አስካሪ፣ ለጣልያን ቅጥር ወታደር፣ "ውሃ" ብሎት ወጣ።

ወደ ወንዙ የሚወርደው መንገድ ከወጥ ቤቱ ሥር ነው የሚያልፈው። ዞሮ ላለማየት ለራሱ ቃል ገብቶ ነበር። መታጠፊያው ላይ ሲደርስ ግን ዞረ፤ ካምፑን የመጨረሻ ጊዜ ለማየት ብሎ ይሁን፣ ማንም አለመግባቱን ለማረጋገጥ፣ እሱም አላወቀው።

እትዬ ቆንጅት ከወጥ ቤት ወጥተዋል። በገል ፍም ይዘዋል። በሌላው እጃቸው ከነፋስ ከልለውት፣ ፈጠን ፈጠን እያሉ፣ ወደ መታጠቢያ ቤቱ ይሄዳሉ።

"እትዬ!" አለ ሷሊሕ። ነፋሱ ቃሉን ከአፉ ወሰደው። ጮሆ አያውቅም፤ ድምፁ እንዴት እንደሚወጣ ጠፋው። ባልዲውን ጥሎ፣ ጫማው ከእግሩ እየወለቀ፣ ዳገቱን ሮጠ። "እትዬ ቆንጅት! እትዬ! ይቁሙ!" በኋላ የወጣው ጩኸት አስካሪውን ጠመንጃ አስነሳው።

እትዬ ቆንጅት በሩ ላይ ደርሰው፣ እጃቸው መዝጊያውን ይዞ፣ ዞር አሉ።

"ምን ሆነሃል? ዘበኛህ ጠፍታብህ ነው እኮ፤ መስተዋቷ ጨልማ አየሁ። ሰውዬው መጥቶ ሳይጮህብህ ልለኩስልህ ብዬ . . ."

ገሉን ከእጃቸው መታው። ፍሙ መሬት ላይ ተበተነ። ሷሊሕ በባዶ እግሩ ረገጠው፤ አንዱን፣ ሌላውን፣ ሁሉንም ጥቁር እስኪሆን። የእግሩ መቃጠል የተሰማው በኋላ ነው።

"አብደሃል አንተ? እጄን ልትሰብረኝ ነው?"

"ይራቁ። እባክዎ ይራቁ።"

መጀመሪያ ዞሮ ከግድግዳው ውጭ ያለችውን ቦምቦላ ዘጋ። ከዚያ ትንፋሹን ይዞ ገባና ውሃውን ዘጋ፣ መስኮቱን በረገደ፣ ሽቦዋን ነቀለ። ሲወጣ ሽቦዋ በእጁ ነበረች። ሊደብቃት እንኳ አላሰበም። በተከፈተው በር እንደ በሰበሰ ሽንኩርት ያለ ሽታ ወጣ።

አስካሪው ከሩቅ "ምንድን ነው?" አለ።

እትዬ ቆንጅት ሽቦዋን አዩ። የጠፋውን ፍም አዩ። ሷሊሕን አዩ።

"እባብ ነው!" ብለው ለአስካሪው መለሱለት። "ገደለው፤ ሂድ!" ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ይህ ምንድን ነው?"

"ለእሱ ነበር" አለ ሷሊሕ። "ለእሱ ብቻ ነበር።"

"እኔ እንደምገባ አታውቅም?"

"አላወቅሁም።"

"ያኔ ወባ ሲጥልህ ማን ነበር ሲለኩስልህ የሰነበተው?"

እውነታቸውን ነው። ያውቅ ነበር። አደም ሌላ ሰው ይገባል ወይ ሲለው፣ ይህን ሁሉ ጊዜ ያናገሩትን አንዲት ሰው ረስቷቸው ነበር። ቤት መግባትን ሲያስብ ከልቡ ጠፍተው ነበር።

እትዬ ቆንጅት ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው መለሱ።

"አልናገርም" አሉ። "ክምር ያቃጠለ ሰው ቢነድ አላለቅስለትም። አንተ ግን ወደ ወጥ ቤቴ አትምጣ። ቂጣህን በር ላይ አስቀምጥልሃለሁ። አንስተህ ሂድ።"

"እትዬ . . ."

"ሂድ አልኩህ።"

ካፒቴኑ የመጣው ሽታው ከለቀቀ በኋላ ነው። ውሃውን በእጁ ነክቶ ጮኸ፤ ክብሪቱን ሷሊሕ ደረት ላይ ወረወረና ባኞው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። ጥርሱ ይንገጫገጫል። ጫማውን ሊያወልቅ ይሞክራል፣ ጣቶቹ አይታዘዙለትም። እዚያ ተቀምጦ ሲያዩት ያረጀና የታመመ አንድ ሰው ነው። ሷሊሕ ቦምቦላዋን ከፈተ፤ ዘበኛዋን ለኮሰ፤ ምላሷ እስክትጎብጥ የጋዙን ቁልፍ ተጭኖ ጠበቀ። መዘውሩን ወደ ትልቁ ምልክት አዞረው። ውሃው ሞቀ። እንፋሎቱ መስተዋቱን ሸፈነው። ሷሊሕ ወጣ።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ሌላ ባልዲ ይዞ ወንዝ ወረደ። ያነክሳል። አደም ከኩርኩራው ሥር ሁለት በቅሎ ይዞ ቆሟል፤ አንዷ ባዶ ኮርቻ ተጭናለች።

"ድምፅ አልሰማሁም" አለ አደም።

"የለም። አልሆነም።"

"ምን አገኘህ?"

"አንዲት ሴት እሳት ይዛ ልትገባ ነበር።"

"የማን ሴት?"

"ወጥ ቤቷ። የደብረ ሲና ሰው ናት።"

"የእነሱ ወጥ ቤት።"

"አዎ" አለ ሷሊሕ። "እኔም የእነሱ ነኝ።"

አደም የበቅሎዋን ልጓም በእጁ ላይ ጠቀለለው፣ ፈታው።

"እኔ ብሆን ኖሮ . . ." አለና አልጨረሰውም። "ነገ ትደግመዋለህ?"

ሷሊሕ አዎ ሊል ፈለገ። ባዶዋን ኮርቻ አያት። ከዚያ ባልዲውን ይዞ ወደ ውሃው ጎንበስ አለ።

"አትደግመውም" አለ አደም። አልተቆጣም፤ የደከመ ሰው ድምፅ ነበር። "ከልጅነትህ ጀምሮ አውቅሃለሁ። እሺ። አንድ ነገር ልንገርህ፤ ከሰው ከምትሰማው ከኔ ስማው። እናታችን ሞተሃል ብላ ነው የምታውቀው።"

"እንዴት?"

"እኔ ነኝ ያልኳት። ልጅሽ ባንዳ ሆነ ከምላት ሞተ ብላት ይሻላል አልኩ። የጣርማ በር ዋሻ ተንዶበት እዚያው ቀረ አልኳት። ሬሳም አልጠየቀችኝ። ዛሬ ይዤህ ገብቼ፣ አላህ መለሰልሽ ልላት ነበር።"

ሷሊሕ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። የተቃጠለው እግሩ ይጠዘጥዘዋል።

"አለቀሰች?"

"እንዴት አታለቅስ።"

"ለቅሶ ተቀመጣችሁ?"

"ተቀመጥን። ሶደቃም አወጣን።"

"ሰው መጣ?"

"መንደሩ በሙሉ መጣ።"

"በሕይወት እንዳለሁ እያወቁ?"

"እያወቁ። ለእሷ ብለው መጡ። እሷ እንደሆነ አታይም፤ ማን እንዳለቀሰ ማን እንዳላለቀሰ አታውቅም።"

"ያለቀሰ ነበር?"

አደም ወደ ወንዙ አየ።

"እህታችን ዓይሻ አልቅሳለች። አጎታችንም። እኔም . . . እኔም የለቅሶው ቤት ይዞኝ አልቅሻለሁ። የመንደሩ ሸህ አሊዪ ዱዓ አደረገልህ።"

"ምን ብሎ?"

አደም በቅሎው ላይ ወጣ። ባዶዋን በቅሎ በልጓሟ ሳበ። የሚሄድ መሰለ፤ ከዚያ ቆመ።

"ዝምተኛ ልጅ ነበር አለ። እናቱን የሚወድ፣ ማንንም የማያስቀይም ልጅ ነበር፣ አላህ ይማረው፣ ማረፊያውን ያስፋለት አለ። ሰዉም ሁሉ እጁን ከፍ አድርጎ አሚን አለ።"

በቅሎዎቹ ጠጠሩን እየረገጡ ወንዙን ተሻገሩ። ሷሊሕ ተነሥቶ ቆመ። ወንድሙ በማዶው ማሽላ ውስጥ ገብቶ ኮቴው እስኪጠፋ ሲያዳምጥ ቆየ። ከዚያ ሁለት እጁን፣ ደኅናውንም ጣት የጎደለውንም፣ ደረቱ ላይ ከፈተና በዝቅተኛ ድምፅ "አሚን" አለ።